የተቃጠለ ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች

ነቀምቴ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጎዳና እዚህ ደርሶ ወደ ጊምቢና አሶሳ፣ ወደ በደሌና ጅማ፣ ዓባይን ተሻግሮም ወደ ቡሬ ይከፋፈላል። ከባድ መኪና በሚበዛበት ከተማ ጋራዥ አይጠፋም፤ ጋራዥ ባለበትም የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ መሬት ላይ መፍሰሱ የተለመደ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ወለጋ ይህ ፍሳሽ በጎርፍ ወደ ወንዝ ሊወርድ፣ ወደ ጉድጓድ ውሃም ሊሰርግ ይችላል። የቆሸሸውን አፈር ቆፍሮ ሌላ ቦታ መድፋት ብክለቱን ሰፈር ያስቀይረዋል እንጂ አያጠፋውም። ሊያጠፉት የሚችሉት በዚያው አፈር ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

እንደ ሱዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች የዘይቱን ካርቦን ይመገቡና በኦክስጅን እየታገዙ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹን ከውጭ አገር በውድ ዋጋ መግዛት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ የሚጎድላቸው ሌላ ነው። ዘይት ካርቦን የሞላው ቢሆንም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ዘይት የጠጣ አፈርም አየር እንደ ልብ አያስገባም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ድፍድፍ ዘይት ስታፈስ፣ ዳርቻው ላይ ማዳበሪያ መጨመሩ በቦታው የነበሩትን ባክቴሪያዎች ሥራ አፋጥኗል። የወለጋ ቀይ አፈር በአመዛኙ አሲዳማ ነው፤ ፎስፈረስን አስሮ ያስቀራል፣ ዘይት በላተኞቹን ባክቴሪያዎችም አይመቻቸውም። ገበሬው ለበቆሎ ማሳው የሚበትነው ኖራና የሚያዘጋጀው ፍግ ለጋራዥ ግቢም ይሠራሉ ማለት ነው፤ ትልቁ ተስፋ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው።

አዝጋሚ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ሥራው ወራት ይፈጃል፤ አላስካ ውስጥም ኦክስጅን እንደ ልብ በማያገኘው ደለል ሥር ዘይቱ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 ቤሚጂ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ የፈሰሰው ዘይትም ከርሰ ምድር ውሃ ላይ ደርሶ ነበር። ያለ ኦክስጅን በብረት እየታገዙ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በውሃው የሟሟውን ብክለት እየበሉ ስርጭቱን ገተውታል፤ የዘይቱን ክምችት ግን አልጨረሱትም። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የብረታ ብረት ጉዳይ ነው። በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ያለውን እርሳስም ሆነ ለወርቅ ማጣሪያ የሚውለውን ሜርኩሪ የትኛውም ባክቴሪያ በልቶ አይጨርሰውም፤ ቅርጹን ቢለውጠው ነው፣ ሜርኩሪን ደግሞ ይብስ መርዛማ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ አፈሩ አስቀድሞ ይመርመር። እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ያለ ብረት የበዛበት ለብቻው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ዘይት ብቻ ያለበት ግን ውሃ በማያሰርግ መደብ ላይ ተከምሮ፣ ኖራና ፍግ ገብቶበት፣ ከዝናብ ተከልሎ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ ይቆይ። አዲሱ የተቃጠለ ዘይትም ከዛሬ ጀምሮ በበርሜል ይጠራቀም፤ ፍሳሹ ካልቆመ ባክቴሪያዎቹ ሊደርሱበት አይችሉም።