ውሻችሁ ማህፀኗ ወጥቶ ቤት ስትመለስ፦ አስታማሚዋ እናንተ ናችሁ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ከደነባ የመጣ ነው። "ዶክተር፣ ውሻችንን አዲስ አበባ ወስደን አስመክነናት ተመለስን። በሦስተኛው ቀን አጥር ዘላ ወጣች። ድናለች ማለት ነው?" ይላል።

አልዳነችም። ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ያልኩት ደግሞ ደነባ ላይ ሆኖ ስፌቷ የተከፈተ ውሻ በሌሊት ይዞ የሚሮጡበት ቦታ ቅርብ ስላልሆነ ነው። የወረዳ የእንስሳት ክሊኒኮቻችን ዋና ሥራቸው ከብት፣ በግና የጋማ ከብት ነው። የውሻ ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚሠራው ትልልቅ ከተሞች ላይ ነው። ስለዚህ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት በእናንተ እጅ ናቸው።

መጀመሪያ ምን እንደተደረገላት እንረዳ። ወንድ ውሻ ሲኮላሽ ሆዱ አይከፈትም። የሴቷ ግን ከባድ የሆድ ኦፕሬሽን ነው። ሆዷ ተከፍቶ፣ ደም ስሮቹ በክር ታስረው፣ ሁለቱ የእንቁላል ማመንጫዎችና ማህፀኗ ይወጣሉ። ከዚያ በንብርብር ይሰፋል፦ መጀመሪያ የሆድ ዕቃን የሚይዘው ጠንካራው ሽፋን፣ ቀጥሎ ከቆዳ ሥር ያለው፣ በመጨረሻ ቆዳው። እናንተ የምታዩት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ቆዳው በጥቂት ቀን ውስጥ ገጥሞ ያማረ ሊመስል ይችላል። ከሥሩ ያለውን ሽፋን ግን ገና ክሩ ነው የያዘው። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በሦስተኛው ቀኗ አጥር አትዘልም፤ እሷ ሕመሟን ትናገራለች፣ ውሻ ደግሞ ትደብቃለች። ሰው ሲመጣ ጭራዋን ቆልታ ስለተነሳች ብቻ "ተሽሏታል" አትበሉ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ከሁሉም ታስፈራኛለች። የደነባ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ ለደነባ ሰው አልነግረውም። ማደንዘዣ የወሰደ እንስሳ የሰውነቱን ሙቀት መጠበቅ ያቅተዋል፤ በዚያ ላይ ሆዷ ተላጭቷል። ስለዚህ እባካችሁ ያቺን ሌሊት ቤት ውስጥ ትደር። ውሻ ቤት አይገባም የሚል ቤተሰብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ማድ ቤት ወይም ዕቃ ቤትም ይበቃታል። ጅብም አለ። ማደንዘዣው ያልለቀቃት ውሻ ጅብ ሲመጣ መሮጥም መጮህም አትችልም። ወለል ላይ ጆንያና አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉላት፤ ከአልጋ ወይም ከመደብ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ ማድረግ ይቻላል፣ ጠርሙሱ ግን ቆዳዋን በቀጥታ አይንካ። ከሰል አቀጣጥላችሁ በር መዝጋት ፈጽሞ አይሆንም፤ እሱ ሰውም ይገድላል። ልጆች አይጠጓት። የዋህ የምትሏት ውሻ እንኳ ደንዝዛ ስትነቃ ልትናከስ ትችላለች።

ውሃ የምትሰጧት ራሷን ችላ ቆማ መራመድ ስትጀምር ነው፣ ያውም ጥቂት ጥቂት። ማታ ላይ ከፈለገች ከተለመደው ምግቧ ግማሹን ስጧት። አንዴ ብታስመልስ አትደንግጡ። እዚህ ላይ ስለ ወጥ አንድ ነገር ልበል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፤ ደም ለፈሰሳት ውሻ ደግሞ ይህ ተጨማሪ ጉዳት ነው። ትራፊ ወጥ በእንጀራ ፈትፍቶ መስጠቱ የኖርንበት ቢሆንም ለእነዚህ ቀናት ይቅር። ሽንኩርትም በርበሬም ያልገባበት የሥጋ መረቅ በእንጀራ ወይም በሩዝ፣ ፆም ከሆነና ቤት ውስጥ ሥጋ ካልተሠራ የተቀቀለ እንቁላል ለብቻዋ ይዘጋጅላት። እሷ አትጾምም።

አሁን ወደ ቁስሉ። ብዙ ሰው "የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው፣ ትላሰው" ይለኛል። የድኃውን አልዓዛርን ታሪክ የሚጠቅስልኝም አለ። በምራቋ ውስጥ ጀርም የሚቀንስ ነገር በጥቂቱ መኖሩ እውነት ነው፤ ጀርሙ ግን ከዚያ ይበልጣል። ከሁሉ የሚብሰው በምላሷ ቆዳውን ታረጥባለች፣ በፊት ጥርሷ ክሩን ትነቅላለች። ሌሊት ሁላችሁም ተኝታችሁ ሳለ ስፌቱን ፈታ ልታድር ትችላለች። ክሊኒኩ እንደ ጡሩምባ አፍ የሰፋውን የፕላስቲክ አንገትጌ ከሰጣችሁ ሌሊትም ቀንም ይቆይ። ካልሰጣችሁ፣ ቂጡ የተቆረጠ ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ ያገለግላል። የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይወጋት በጨርቅና በፕላስተር ሸፍኑት፣ ከዚያ ከማሰሪያ ቀበቶዋ ጋር በክር እሰሩት። አንገቷና ባልዲው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፣ ስትበላና ስትጠጣም አያስቸግራት። ሌላው መላ አሮጌ ቲሸርት ነው። የፊት እግሮቿን በእጅጌው አስገቡ፣ ታችኛውን ጫፍ ሆዷን እንዲሸፍን ጎትታችሁ ወገቧ ላይ ቋጥሩት፤ ስትሸና እንዳይረጥብ አስተውሉ፣ ከቆሸሸ ወዲያው ይቀየር።

ቁስሉ ላይ ምን እንቀባ? ምንም። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ ላምባ፣ አመድ፣ ቅቤ፣ አረቄ ሁሉም ይቅሩ። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ሊገጥም የጀመረውን አካል ያቃጥላሉ። ሐኪሙ ካላዘዘ ንጹሕና ደረቅ መሆኑ ይበቃል። ሰውነቷን ማጠብ ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ የለም። ክረምት ከሆነ ችግሩ ጭቃው ነው። የናንተ አገር መረሬ አፈር አንዴ ከተጣበቀ አይለቅም፤ ሆዷ ላይ ከደረቀ ደግሞ ሲላቀቅ ስፌቱን ይጎትታል። ስለዚህ ለሽንት ስታወጧት በማሰሪያ፣ ደረቅ ቦታ መርጣችሁ፣ ወዲያው መልሷት።

በቀን ሁለቴ ቁስሉን እዩ። ስልካችሁ እዚህ ላይ ጥሩ ሥራ ይሠራል፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና ብርሃን አንድ ፎቶ አንሱ። ትናንትና ዛሬን ጎን ለጎን ስታዩ እብጠቱ መጨመር መቀነሱ ይለያል፣ ለሐኪሙም ለመላክ ይመቻል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠርዙ ትንሽ ቢቀላና ቢያብጥ፣ በመጀመሪያው ቀን ሮዝ የመሰለ ፈሳሽ ጠብ ቢል ያለ ነው። መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የማያቋርጥ ደም፣ የተከፈተ ቦታ፣ ወይም ዕለት ዕለት የሚያድግ እብጠት ካለ ግን ሐኪም ይያት።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው የውስጥ መድማት ነው፣ እሱ ደግሞ ቁስሉ ላይ አይታይም። ከንፈሯን ገለጥ አድርጋችሁ ድዷን እዩ። ሮዝ መሆን አለበት። በጣታችሁ ስትጫኑት ይነጣል፣ ስትለቁት በሁለት ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። (ድዷ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ውስጥ እዩ።) ድዱ ከነጣ፣ ሆዷ ከተነፋ፣ ከተዝለፈለፈች ወይም በማግስቱም መነሳት ካቃታት እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ደውሉ። አንጀት ወይም ሞራ የመሰለ ነገር በቁስሉ ከወጣ መልሳችሁ አትግፉት። ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ጨው ባለው ውሃ አርጥባችሁ ሸፍኑት፣ ሆዷን ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ እንዳትልሰው ያዟት፣ በተገኘው መኪና ሂዱ።

እባካችሁ የሰው የሕመም ማስታገሻ አትስጧት። እዘኑልኝ ብላ ስታቃስት ሰው ከመሳቢያው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አውጥቶ ይሰጣታል፤ በደግነት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በውሻ ላይ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል በመጠን ካለፈ ጉበቷንና ደሟን ይመርዛል፣ ለሰው የተሠራው ክኒን ደግሞ ለትንሽ ውሻ በቀላሉ ያልፋል። አስፕሪን መድማትን ያባብሳል። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ፣ ለምሳሌ ሜሎክሲካም፤ መጠኑም በኪሎዋ ተሰልቶ ነው የሚታዘዘው። ከክሊኒኩ ሳትወጡ ጠይቁ፦ ምን ተወግታለች፣ ቀጣዩ መቼ ነው፣ ክሩ ራሱ ይሟሟል ወይስ ይወጣል፣ ሌሊት የማገኝዎት በየትኛው ስልክ ነው?

ወደ አጥሩ እንመለስ። ከ10 እስከ 14 ቀን መዝለል፣ መሮጥና ደረጃ መውጣት አይፈቀድላትም። የግቢ ጠባቂ ከሆነች ይሄ ይከብዳል፣ ይገባኛል። ለእነዚህ ሌሊቶች ግቢውን ሌላ ይጠብቀው። ኦፕሬሽኑ የተሠራው በስሪያ ወቅቷ ከነበረ ሽታው ቶሎ አይጠፋም፣ የሰፈሩ ወንዶች ለተወሰኑ ቀናት አጥር ሥር ይሰበሰባሉ። አታረግዝም ብላችሁ አትተዉአት። በዚህ ጊዜ ወንድ ቢወጣባት የውስጡ ስፌት ሊቀደድ ይችላል።

ከዳነች በኋላ የምግብ ፍላጎቷ ሊጨምር፣ የሚያስፈልጋት ምግብ ግን ሊቀንስ ስለሚችል መወፈሯን ተከታተሉ። በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ተኝታ ሽንት የሚያመልጣት ካለች ሕክምና አለው፣ አትምቷት።

አንዳንዱ ሰው "አስመክኛታለሁ፣ ክትባት አያስፈልጋትም" ሲል እሰማለሁ። ማምከን የእብድ ውሻ በሽታን አይከላከልም። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የፈጀው ከውሾች የተሻገረ ይኸው በሽታ ነው፣ በዞናችሁ ያለው መንዝ ጓሳም ቀይ ቀበሮ አለው። በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ስፌት በምታስወጡበት ቀን የክትባት ካርዷን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለፈው ክትባት ዓመት ከሞላው እዚያው ትከተብ።