ባትሪው ከመከሰሱ በፊት

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሞተር ሳይክሌ ኮርቻ ውርጭ ለብሶ ነጥቷል። ቁልፉን አዞርኩ፤ መብራቱ በራ። ማስነሻውን ስጫን ግን ከኮርቻው ሥር አንድ ጊዜ «ቀጭ» አለና ዝም። ደገምኩት፤ አሁንም «ቀጭ»። ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ሁለት ባትሪ ቀይሬ ነበር። ሦስተኛውን ለመግዛት ብር ይዤ፣ ሞተሩን እየገፋሁ ወደ ጋራዥ ወረድኩ።

መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ባትሪው ስንት ጊዜ እንደሆነው አልጠየቁኝም። «ስትጫነው ምን ይላል?» ነው ያሉኝ።

ይህን ጥያቄ ሞተር የሚነዳ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ማስነሻው ሲጫን ጭራሽ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ኃይሉ መንገድ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው፦ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ በቀኝ እጅ በኩል ያለው ቀይ ማጥፊያ ሳይታወቅ ተነክቷል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ አይደለም፣ ወይም የጎን ማቆሚያው ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ጭቃ ገብቶባታል። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ከተንተባተበ፣ ኃይሉን ወደ ማስነሻ ሞተሩ (ሞተሪኖው) የሚያሳልፈው ሪሌ ሊይዝ ይሞክርና ኃይል እያነሰው ይለቃል፤ ባትሪው ደክሟል ወይም ተርሚናሉ ላልቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር አድርጎ «ቀጭ» ካለ ግን ሪሌው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ሠርቷል፤ የሚጠረጠሩት ሞተሪኖውና ወፍራሞቹ ኬብሎች ናቸው። ሞተሪኖው እንደ ልቡ እየዞረ ሞተሩ ካልተነሳስ? ያን ጊዜ ባትሪውን ይተዉት፤ ነገሩ የቤንዚን ወይም የካንዴላ ነው።

እሳቸው ቴስተራቸውን አወጡ። ባትሪው እንዳደረ 12.6 ቮልት አሳየ። ከ12.6 እስከ 12.8 ማለት ሙሉ ነው፤ 12.2 ላይ ግማሹ ገደማ አልቋል፤ ከ12 በታች ሲሆን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ብቻውን አይታመንም። ያረጀ ባትሪ ሳይሠራ 12.6 ያሳይና ማስነሻው ሲጫን 7 ወይም 8 ላይ ይወድቃል። ጤነኛ ባትሪ ሞተሪኖውን እያዞረ ከ10 ቮልት ብዙም አይወርድም። «ተጫን» አሉኝ። ተጫንኩ፤ «ቀጭ»። ቴስተሩ 11.8 ላይ ቆመ።

እኔ ደስ አለኝ፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞተሪኖ ሲዞር በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ስለሚጎትት ቮልቱ ከዚህ በላይ መውረድ አለበት። ይህን ያህል ብቻ መውረዱ ጉልበቱ ከባትሪው በሚገባ እንዳልወጣ ይናገራል። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አሳርፈው እንደገና አስጫኑኝ። ዜሮን መጠጋት የነበረበት ቁጥር 4 ቮልት ሆነ። የኔጌቲቩን ጥቁር ኬብል በጣታቸው እየተከተሉ ከሞተሩ ጀርባ ወደተሸሸገች አንዲት ብሎን ደረሱ። ሲፈቷት ከቀለበቷ ሥር አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ረገፈ። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተጓት፣ አጠበቋት፣ ቫዝሊን ቀቡባት። ሞተሩ በአንድ ንክኪ ተነሳ።

ታዲያ አዲስ ባትሪ በገባ ቁጥር ለምን ይሻለው ነበር? አዲስ ባትሪ ጉልበት ስላለው ዝገቱን ለጥቂት ወራት ያሸንፈዋል። ብርድ ሲመጣ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፣ ባትሪው የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ ተደብቆ የቆየው ችግር በአንድ ጠዋት ይወጣል። ሙቀት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ የባትሪውን ውስጥ ፈጥኖ ያስረጃል። አዋሽና መተሐራ የከረመ ባትሪ ደብረ ብርሃን ሲወጣ እምቢ ቢል ጥፋተኛው ብርዱ ብቻ አይደለም። ቆላው ጎዳው፣ ደጋው መርዶውን ተናገረ።

የባትሪው አሠራር ጥንታዊ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 እርሳስን አሲድ ውስጥ ነክሮ የሠራው ዓይነት ባትሪ ነው ዛሬም በአብዛኛው ከኮርቻችን ሥር ያለው፤ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት ገደማ የሚሰጡ 6 ክፍሎች ተቀጣጥለው 12 ቮልት ይሆናሉ። በዚሁ አቆጣጠር በ1914 የአሜሪካው ኢንዲያን ኩባንያ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር ሳይክል ለገበያ አውጥቶ ነበር፤ የዘመኑ ባትሪ ስላልቻለው ብዙም ሳይቆይ ተወው። ባትሪ ኃይሉን ሲሰጥ እርሳሱ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ቻርጅ ሲደረግ ሰልፌቱ ይሟሟል። ባዶውን ለሳምንታት ከቆመ ግን ይጠነክርና አይመለስም። ሞተሩን ለወር የሚያቆም ሰው ጥቁሩን ኬብል ፈትቶ ቢሄድ ባትሪውን ያተርፋል።

ሌላው መፈተሽ ያለበት ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ነው። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ጠንከር ሲደረግለት በባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ከ13 ካላለፈ ባትሪው እየተሞላ አይደለም፤ ከ15 ከበለጠ እየተቀቀለ ነው። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቮልቱን መጠን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው፤ ካልሞላም የማግኔቱ ጥቅል ሽቦና ሶኬቶቹ ይታያሉ። ይህ ሳይታይ አዲስ ባትሪ መግጠም ሌላ ባትሪ መግደል ነው። ሬጉሌተሩ በነፋስ እንዲቀዘቅዝ የተሠራ ነውና ክረምት ላይ የሚለጠፍበትን ጭቃ ማጠብ አይርሱ።

በከተሞቻችን ባትሪ ቻርጅ የሚያደርጉ ቤቶች የመኪናውንም የሞተሩንም በአንድ መሣሪያ ሲሞሉ አያለሁ፤ ይህ ያሳስበኛል። ለትንሽ ባትሪ የሚበጀው የቻርጅ ጉልበት የአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው፤ 5 አምፔር ሰዓት ለሆነው ግማሽ አምፔር። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከጎደለ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመርበት፤ የቧንቧ ውሃም አሲድም አይጨመርም። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ስለሚፈነዳ አጠገቡ ሲጋራ አይለኮስ። ሲፈታ ጥቁሩ ይቅደም፣ ሲታሰር ቀዩ፤ አለዚያ መፍቻው ከሞተሩ አካል ጋር ሲነካካ ብልጭታ ያስነሳል።

ገፍቶ ማስነሳትም ገደብ አለው። ብዙ ባለ ካርቡራቶር ሞተሮች ተገፍተው ይነሳሉ። ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚረጨው አዲሱ ዓይነት ግን ባትሪው ጭራሽ ባዶ ከሆነ ቁልቁለት ሙሉ ቢገፋም አይነሳም።

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት መካኒክዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ባትሪው አድሮ ስንት ቮልት አለው? ሲጫንስ? ሞተሩ ተነስቶስ? ሳይለካ «ቀይረው» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ያ ሁለተኛው ባትሪ እስከ ዛሬ ሞተሬ ላይ ነው። ከዚያ ጠዋት ወዲህ በዚህ ኅዳር 3 ዓመት ይሞላዋል።