የፋብሪካ ሐዲድ በብርድ ወራት

ምድር ባቡር ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቶሎ የሚመጣው ከከተማ ወደ ከተማ መንገደኛና ጭነት የሚያመላልሰው ትልቁ መስመር ነው። ከዚህ ሌላ ግን ለሕዝብ አገልግሎት ያልተከፈተ፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ የማዕድን ማውጫ ወይም አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ለራሱ ሥራ ብቻ የሚገለገልበት ሐዲድ አለ። ርዝመቱ አንዳንድ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትር አይበልጥም፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በብዙ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ጥሬ ዕቃ የጫኑ ፉርጎዎች በዚህ ሐዲድ ይገባሉ፤ የተመረተውም ዕቃ በዚሁ ይወጣል። ባቡሩ በዝግታ ስለሚሄድበት አደጋ የማያመጣ ይመስላል። ዳሩ ግን አንድ የተጫነ ፉርጎ ከ40 ቶን በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ ሰው ላይ ከደረሰ ዝግታው አያድንም። ይህ ሐዲድ ከምንጊዜውም ይበልጥ የሚፈተነው በብርድ ወራት ነው።

በኢትዮጵያ ክረምት የሚባለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው። በአውሮፓ ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ቀኑ የሚያጥርበት፣ ውሃ የሚረጋበትና ምድር በበረዶ የምትሸፈንበት ወቅት ነው። በዚህ ጽሑፍ የብርድ ወራት የምንለው ይህንኑ ነው።

የብርድ ወራት በድርጅት ሐዲድ ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ለመረዳት በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ትባል በነበረችው አገር የደረሰውን እንመልከት። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው የሚመነጨው ቡናማ ከሚባለው የድንጋይ ከሰል ነበር። ከሰሉም ከማውጫው ጉድጓድ ወደ ኃይል ማመንጫው የሚጓጓዘው በማዕድን ድርጅቶቹ ሐዲዶች ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የመጨረሻ ቀን፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ከዜሮ በላይ 10 ዲግሪ ገደማ የነበረው የአየር ሙቀት በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ወረደ። በዝናብ የራሰው ሁሉ ወዲያው ረጋ። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ የሆነው ቡናማ ከሰል በፉርጎዎቹ ውስጥ እንደ አለት ጠነከረ፤ የሐዲድ መቀያየሪያዎችም አንቀሳቅስ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ወታደሮች ተጠርተው ከሰሉን በመዶሻና በአየር ግፊት በሚሠራ መሰርሰሪያ ይፈልጡ ጀመር። ይሁን እንጂ ለማመንጫዎቹ የሚበቃ ከሰል በወቅቱ ሊደርስ ስላልቻለ፣ በብዙ ሥፍራ መብራት ጠፋ፤ ፋብሪካዎችም ሥራቸውን አቆሙ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሐዲድ በመታሰሩ ከዚያ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች በጨለማና በብርድ ተቀመጡ።

ቅዝቃዜ ሐዲድን የሚጎዳው በልዩ ልዩ መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ በብረቱ በራሱ ላይ የሚደርሰው ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሐዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲቀንስ 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊያጥር ይሻል። ሐዲዱ በ30 ሜትር እየተቆራረጠ በቡሎን የተያያዘ ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥርና በመጋጠሚያው ላይ ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ቡሎኖቹም ከመጠን በላይ ከተሳቡ ይቆረጣሉ። ሐዲዱ በብየዳ የተቀጠለ ከሆነ ግን ማጠር ስለማይችል በውስጡ እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። አንድ ሜትሩ 49 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሐዲድ በተገጠመበት ጊዜ ከነበረው ሙቀት በ40 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ፣ የሚወጥረው ኃይል 60 ቶን የሚመዝን ዕቃ ቢንጠለጠልበት ከሚደርስበት ጋር ይተካከላል። በዚህ ላይ የሐዲድ ብረት ሲቀዘቅዝ የመሰበር ጠባዩ ይጨምራል። ስለዚህ በሞቃቱ ወራት ጉዳት ያላመጣች ትንሽ ስንጥቅ ውርጭ በበረታበት ሌሊት ሐዲዱን ለሁለት ልትከፍለው ትችላለች።

ሁለተኛው መንገድ በውሃ ምክንያት የሚመጣው ነው። ሐዲድ የሚያርፈው በአግዳሚዎች ላይ ሲሆን፣ አግዳሚዎቹ ደግሞ በተፈጨ ድንጋይ ላይ ይጋደማሉ። ድንጋዩ ንጹሕ ሲሆን ውሃ በመካከሉ እየሾለከ ይወርዳል። በፋብሪካ ግቢ ግን የከሰል ብናኝ፣ አሸዋና ጭቃ በድንጋዩ መካከል ይሞላል፤ ውሃም መውረጃ አጥቶ በዚያው ይቀራል። ውሃ ሲረጋ ይዞታው ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይጨምራል። የረጋው ምድር ከሥሩ ተጨማሪ እርጥበት እየሳበ ሲያብጥ ሐዲዱን በአንድ ቦታ ከፍ፣ በሌላው ቦታ ዝቅ ያደርገዋል። ይህም ፉርጎን ከሐዲድ ለማስወጣት ይበቃል።

ሦስተኛው ችግር ያለው በመቀያየሪያው ላይ ነው። መቀያየሪያ ማለት ባቡር ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ጫፋቸው የሾለ ሁለት ተንቀሳቃሽ ብረቶች አሉ። ከሁለቱ አንደኛው ከዋናው ሐዲድ ጋር በሚገባ ተጣብቆ ሲቆም ባቡሩ ወደ ተፈለገው መስመር ያልፋል። በመካከላቸው በረዶ ገብቶ ከተጠቀጠቀ ግን ብረቱ አይገጥምም፤ መንኰራኵሩም በክፍተቱ ገብቶ መንገዱን ይስታል። ስለሆነም በረዶው በመጥረጊያና በመፋቂያ ይወገዳል፤ ብዙ ሥራ ባለባቸው ቦታዎችም በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ይተከላል። በረዶውን ለማቅለጥ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ስሕተት ነው፤ ውሃው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ ረግቶ የባሰ ችግር ያመጣልና። መቀያየሪያውን የሚያጸዳ ሠራተኛም እጁን ከማስገባቱ በፊት ማንም ሰው ብረቱን እንዳያንቀሳቅሰው ማረጋገጥና በመካከሉ ጠንካራ የእንጨት ሽብልቅ ማስገባት ይገባዋል።

የመኪና መንገድ ሐዲዱን አቋርጦ በሚያልፍበት ሥፍራም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፉርጎ መንኰራኵር ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው በውስጥ በኩል ወጣ ብሎ ያለው ከንፈሩ ሲሆን፣ ለዚህ ከንፈር ማለፊያ በመንገዱ ላይ ጠባብ ቦይ ይተውለታል። የጭነት መኪናዎች በየጊዜው ሲያልፉበት በረዶውና ጭቃው በቦዩ ውስጥ ይጠቀጠቅና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ ባዶ ፉርጎ ክብደቱ አነስተኛ ስለሆነ በረዶውን ሊሰብረው አይችልም፤ በላዩ ወጥቶ ከሐዲድ ይወርዳል።

እስካሁን ያየነው ስለ ሐዲዱ ነው። ከሁሉ በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ግን ፉርጎ የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው ሠራተኛ ነው። በብርድ ወራት ይህ ሰው ጆሮውን ሸፍኖ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቆ፣ ብዙውን ጊዜ በጨለማ ይሠራል። በምድር ላይ የተከመረው በረዶ የመንኰራኵርን ድምፅ ስለሚያፍነው ፉርጎ ከኋላው ሲመጣ ላይሰማ ይችላል። የፉርጎው መወጣጫ ያንሸራትታል፤ በበረዶ የተሸፈነ አግዳሚም እግርን ይጠልፋል። ስለዚህ ከሐዲዱ ጎን ያለው መሄጃ ከበረዶ ይጸዳል፤ አሸዋም ይነሰነስበታል። የተጠረገው በረዶ ከሐዲዱ ርቆ ይጣላል፤ አጠገቡ ከተከመረ ሠራተኛው ከፉርጎ የሚሸሽበት ቦታ ያጣልና። ፉርጎ እንዳይንሸራተት በመንኰራኵሩ ሥር የሚደረገው ታኮም በረዶ ከያዘ ራሱ ይንሸራተታል። ስለሆነም ከሥራ በፊት ታኮው ይጸዳል፤ ፍሬኑም ይፈተሻል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ዋና ነገር የብርድ ወራት ጥንቃቄ መጀመር ያለበት ብርዱ ከመምጣቱ በፊት መሆኑን ነው። በረዶ ከወደቀ በኋላ ስንጥቅ አይታይም፤ የረጋ ምድርም አይቆፈርም። በመስከረምና በጥቅምት የውሃ መውረጃ ቦዮች ይጠረጋሉ፤ የቆሸሸው ድንጋይ ይለወጣል፤ መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ይመረመራሉ፤ የላላ ቡሎን ይጠብቃል፤ የመቀያየሪያው ተንሸራታች ክፍል ይጸዳና ቅባት ይቀባል። አካፋው፣ መጥረጊያውና አሸዋው በየቦታቸው ይቀመጣሉ፤ በረዶ በወደቀበት ሌሊት ማን ምን እንደሚሠራም አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰናል።

ይህን የማስፈጸም ኃላፊነት ያለበት የሐዲዱ ባለቤት ነው። በጀርመን በ1993 የወጣው አጠቃላይ የባቡር ሕግ ሐዲዱን በደኅና ሁኔታ የመጠበቅን ግዴታ የጣለው በሚያስተዳድረው ድርጅት ላይ ነው። በትልልቅ መስመሮች በብዙ ቦታ በሐዲዱ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት ስላለ፣ ሐዲድ ሲሰበር ፍሰቱ ተቋርጦ ምልክት ሊሰጥ ይችላል። በአብዛኛው የፋብሪካ ሐዲድ ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም። ሐዲዱን የሚጠብቀው ማለዳ ተነሥቶ መብራት ይዞ ዳር ለዳር የሚመላለሰው ሰው ዓይን ብቻ ነው።

ብርዱ ሲያልፍም ሥራው አይፈጸምም። በረዶው ሲቀልጥ ያበጠው ምድር ስለሚሟሽሽ ሐዲዱ እንደገና ዝቅ ይላል፤ ውሃውም መሠረቱን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ መስመሩ ዳግመኛ ተለክቶ እስኪስተካከል ድረስ ባቡሩ ከወትሮው በዘገየ ፍጥነት እንዲሄድ ይደረጋል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው የአበው ምክር ለሰው አካል ብቻ የተነገረ አይደለም። በጥቅምት የጠበቀች አንዲት ቡሎን በጥር የአንድ ሠራተኛን ሕይወት ልታድን ትችላለች።