ሳይቃጠል በቅጠል፦ አሳታፊ ቴአትር ለአየር ንብረት ለውጥ ዝግጅት

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋ፣ የበልግና የክረምት ወቅቶች ከመግባታቸው አስቀድሞ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው የዝናቡ መጠን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ያመለክታል። ይሁንና ይህ መረጃ የትኛው ዘር እንደሚዘራ፣ በሬው እንደሚሸጥ ወይም እንደሚቆይ በራሱ አይወስንም። ውሳኔው የቤተሰቡ ነው፤ ከዘገየም የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ከኤል ኒኞ ጋር በተያያዘ የደረሰው ድርቅ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ዜጎችን ለምግብ ርዳታ መዳረጉ ይታወሳል።

መረጃን ወደ ውሳኔ ለመለወጥ ከሚያግዙ መንገዶች አንዱ አሳታፊ ቴአትር ነው።

አሳታፊ ቴአትር ምንድን ነው?

ፎረም ቴአትር በመባልም የሚታወቀውን ይህን ስልት ያዳበረው ብራዚላዊው የቴአትር ባለሙያ አውጉስቶ ቦአል (እ.ኤ.አ. 1931–2009) ነው። በስልቱ መሠረት አንድ አጭር ተውኔት መፍትሔ ባልተገኘለት ችግር ይጠናቀቃል። ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ማንኛውም ተመልካች «ይቁም!» በማለት ትዕይንቱን አስቁሞ፣ በተዋናዩ ቦታ ገብቶ የተለየ ውሳኔ መሞከር ይችላል። መድረኩንና ተመልካቹን የሚያገናኘው አወያይ ነው።

እንዴት ይከናወናል?

ለአብነት ያህል፣ በአንድ ቆላማ ቀበሌ የሚኖር አባወራ ዝናቡ እንደሚያንስ ቢሰማም በለመደው መንገድ ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል። ባለቤቱ ከማሳው ከፊሉን ቶሎ በሚደርስ ሰብል ለመሸፈን ብትጠይቅም አልተሰማችም። ዝናቡ ቀድሞ ይወጣል፤ ማሽላው ሳያፈራ ይደርቃል። በሬው ከከሳ በኋላ ለገበያ ቢቀርብም ዋጋው ወድቋል።

ተውኔቱ ሲደገም አንዲት ተመልካች በባለቤቲቱ ቦታ ገብታ ማሾ እንዲዘራ ትከራከራለች። ሌላው በሬው ሳይከሳ እንዲሸጥ ይሞክራል። ሌሎች ተዋናዮች ደግሞ በእውነተኛው ኑሮ የሚገጥመውን ተቃውሞና እጥረት ያቀርባሉ። ዝናቡን ማዝነብ ግን አይፈቀድም፤ መሞከር የሚቻለው በሰው እጅ ያለውን ብቻ ነው።

ጠቀሜታው

በመድረክ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ዘርም ሆነ በሬ አያስከፍልም። በተጨማሪም በስብሰባ ላይ እምብዛም የማይናገሩ ሴቶችና ወጣቶች በገጸ ባሕሪይው በኩል ሐሳባቸውን መግለጽ ይቀላቸዋል።

ቴአትሩ የአገልግሎት ክፍተትንም ያሳያል። ተመልካቾች «ቶሎ የሚደርሰው ዘር በወቅቱ አይገኝም» ካሉ፣ ጉዳዩ ከአርሶ አደሩ ውሳኔ በላይ ስለሆነ ለሚመለከተው አካል መቅረብ ይኖርበታል። ቦአል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል በነበረበት ጊዜ ከመሰል መድረኮች የመነጩ ሐሳቦች ለ13 ሕጎች መጽደቅ መሠረት ሆነዋል።

ለማዘጋጀት ለሚፈልጉ

የትምህርት ቤት ክበባት፣ የወጣት ማኅበራትና ዕድሮች የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ሊሉ ይገባል፦

• ድርሰቱ ከመጻፉ በፊት የአካባቢውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ማማከርና የወቅቱን ትንበያ ማግኘት፤
• ታሪኩ የአካባቢው ነዋሪ በሚያውቀው ችግር ላይ እንዲያተኩር፣ ነገር ግን የማንንም ግለሰብ ወይም ቤተሰብ ገመና እንዳያጋልጥ ማድረግ፤
• ዝግጅቱን የዘር ወቅት ከመድረሱ በፊት፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ማቅረብ፤
• የቀበሌ የሥራ ኃላፊዎችን መጋበዝና የተነሡ ጥያቄዎችን በቃለ ጉባኤ መመዝገብ።

አሳታፊ ቴአትር የዘር አቅርቦትንም ሆነ የባለሙያ ምክርን አይተካም። አስተዋፅኦው ነዋሪው ድርቁ ከመድረሱ በፊት አማራጮቹን ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ጋር እንዲመዝን ማስቻሉ ነው።