የጥንታዊ የቤት ዕቃዎች ገበያ መቀዝቀዝና የሻጮች ምርጫ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከወላጅ የተወረሰ ጥንታዊ ቁም ሣጥን ወይም የመመገቢያ ጠረጴዛ ለረጅም ጊዜ ከጌጥነቱ ባሻገር እንደ ጥሪት ሲቆጠር ቆይቷል። ዕቃው ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ በርካታ ቤተሰቦች ለጡረታ ዘመናቸው መጠባበቂያ፣ ለልጆቻቸውም ውርስ ይሆናል በማለት ገንዘባቸውን በእነዚህ ዕቃዎች ላይ አውለዋል። ዛሬ ግን ዕቃዎቹን ለመሸጥ ወደ ገበያ የሚወጡ ወራሾችና አረጋውያን የሚቀርብላቸው ዋጋ ቀድሞ ከተከፈለው በእጅጉ አንሶ የሚያገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። በመሆኑም የዋጋውን መውረድ ምክንያት ማወቅ ለሻጩ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኪስም ጉዳይ ሆኗል።

በአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ አንድ ዕቃ ጥንታዊ የሚባለው 100 ዓመትና ከዚያ በላይ ዕድሜ ሲኖረው ነው። ይሁን እንጂ ጥንታዊ የተባለው ሁሉ እኩል አልቀዘቀዘም። በእንግሊዝ አገር ገበያው በይበልጥ የተዳከመው በንግዱ ዓለም “ቡናማ ዕቃ” እየተባሉ በሚጠሩት ላይ ነው። ስያሜው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከማሆጋኒ፣ ከዋልነትና ከኦክ እንጨት የተሠሩትን ጠቆር ያሉ ቡፌዎች፣ ቁም ሣጥኖች፣ ባለመሳቢያ ዕቃዎችና የመመገቢያ ጠረጴዛዎች ያጠቃልላል።

የእነዚህን ዕቃዎች የዋጋ ጉዞ ለመከታተል በእንግሊዝ የተዘጋጀ አንድ የታወቀ የዋጋ ማመልከቻ አለ። ማመልከቻው መነሻውን እ.ኤ.አ. በ1968 በ100 ነጥብ አድርጎ የጀመረ ሲሆን፣ መለኪያ ያደረጋቸው ብርቅዬዎቹን ሳይሆን በገበያው በብዛት የሚገኙትን መካከለኛ ዕቃዎች ነበር። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ወደ ላይ ሲጓዝ የቆየው ይህ ማመልከቻ ከዚያ በኋላ ለተከታታይ ዓመታት ቁልቁል ወርዷል። በለንደን ከተማ ከ1975 ጀምሮ መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን ዕቃዎች በብዛት ሲያጫርት የቆየው የክሪስቲስ ኩባንያ የሳውዝ ኬንሲንግተን ቅርንጫፍም በ2017 ተዘግቷል።

በአንጻሩ በገበያው ከፍተኛ እርከን ላይ የታየው የተለየ ነው። በጣሊያኗ ፍሎረንስ ከተማ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1726 በአንድ እንግሊዛዊ መስፍን የታዘዘው “የባድሚንተን ካቢኔት” በታኅሣሥ ወር 2004 በለንደን ከ19 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል። ይህ የሆነው የመካከለኛ ዕቃዎች ዋጋ መውረድ በጀመረበት ዘመን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሠሪው፣ የቀድሞ ባለቤቶቹና ታሪኩ በማስረጃ የተረጋገጠ፣ አቻ የማይገኝለት ዕቃ ገዢ አያጣም። ችግሩ ያለው በሺዎች ከሚቆጠሩ አቻዎቹ ጋር ለገበያ በሚቀርበው መልካም ነገር ግን የተለመደ ዕቃ ላይ ነው።

ለዋጋው መውረድ የመጀመሪያው ምክንያት የአኗኗር ለውጥ ነው። ዕቃዎቹ የተሠሩት ጣሪያቸው ከፍ ላለ፣ ለእንግዳ መመገቢያ የተለየ ክፍል ለነበራቸው ሰፋፊ ቤቶች ነው። በዛሬው አፓርታማ ግን ማዕድ ቤቱ፣ መመገቢያውና ሳሎኑ በአንድ ክፍል ይጠቃለላሉ፤ ቁም ሣጥኑም ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ይሠራል። በጠባብ ደረጃ የማይወጣ፣ በሊፍት የማይገባ ቁም ሣጥን ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር ገዢው አያነሳውም። በአሜሪካ ትልልቅ ቁም ሣጥኖች ለተወሰነ ጊዜ ቴሌቪዥን መሸሸጊያ ሆነው ተፈላጊነታቸው ጨምሮ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስስ ቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ይህም አገልግሎት ቀርቷል።

ሁለተኛው ምክንያት የርካሽ አዳዲስ ዕቃዎች መስፋፋት ነው። የስዊድኑ አይኪያ ኩባንያ የመጀመሪያ የብሪታንያ መደብሩን በ1987 በዋሪንግተን ከተማ ከከፈተ ወዲህ፣ ተገጣጣሚና ቀለል ያለ ዕቃ በአነስተኛ ዋጋ ማግኘት የተለመደ ሆኗል። ቤት በተደጋጋሚ የሚቀይር ወጣት ተከራይም ከባዱን ውርስ ከከተማ ከተማ ይዞ ለመዞር አይፈልግም።

ሦስተኛው የምርጫ መለወጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተለይም በዴንማርክ የተነደፉ ዕቃዎች ገበያቸው ደርቷል። ዴንማርካዊው ሐንስ ቬግነር በ1949 የነደፈውን የመሰለ ወንበር ሁለት መቶ ዓመት ካስቆጠረ ተራ የማሆጋኒ ወንበር የበለጠ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ ጎን ለጎን አቅርቦቱ ጨምሯል። ዕቃዎቹን በደህናው ዘመን የሰበሰበው ትውልድ በዕድሜ በመግፋቱ ወደ አነስተኛ ቤት ሲዛወር ወይም ሲያልፍ፣ ንብረቱ ወደ ገበያ ይወጣል። ገዢ ሲቀንስና ሻጭ ሲበዛ የዋጋ መውደቅ የማይቀር ነው።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ የሚገኝ ሻጭ አስቀድሞ ሊለያቸው የሚገቡ የተለያዩ ዋጋዎች አሉ። ለኢንሹራንስ የሚሰጠው ግምት ተመሳሳዩን ዕቃ ከሱቅ ለመተካት የሚጠይቀውን ገንዘብ የሚያመለክት ስለሆነ ከጨረታ ዋጋ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በጨረታም ቢሆን ገዢው የሚከፍለውና ሻጩ የሚደርሰው አንድ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ባለመሳቢያ ዕቃ በ400 ፓውንድ ተሸጠ እንበል። አጫራቹ ከገዢው ላይ 25 በመቶ የሚጨምር ከሆነ ገዢው ታክስን ሳይጨምር 500 ፓውንድ ይከፍላል። ከሻጩ ላይ 15 በመቶ ኮሚሽን፣ ማለትም 60 ፓውንድ፣ ለማጓጓዣ 60፣ ለፎቶግራፍና ለኢንሹራንስ 20 ፓውንድ ቢቀነስ ሻጩ እጅ የሚገባው 260 ፓውንድ ብቻ ነው። በመሆኑም ዕቃው ከቤት ከመውጣቱ በፊት ወጪዎቹን ሁሉ በጽሑፍ ማወቅ፣ ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጥም ዝቅተኛ መነሻ ማስያዝና ዕቃው ካልተሸጠ የሚከፈል መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለነጋዴ በቀጥታ መሸጥ ገንዘቡን ቶሎ ያስገኛል። ሆኖም ነጋዴው የሱቅ ኪራዩን፣ የጥገና ወጪውንና ዕቃው ሳይሸጥ የሚቆይበትን ጊዜ ስለሚያሰላ የሚሰጠው ዋጋ ዝቅ ይላል። ዕቃውን በነጋዴው ዘንድ አስቀምጦ ሲሸጥ ድርሻ መቀበል የተሻለ ሊያስገኝ ቢችልም ትዕግሥትና ግልጽ ውል ይጠይቃል። ለአካባቢው ሰው በቀጥታ መሸጥ ደግሞ ኮሚሽኑን ያስቀራል፤ ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ ለሚበልጥበት ከባድ ዕቃ በተለይ ይመረጣል። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ከሁለት ወይም ከሦስት የማይተዋወቁ ገምጋሚዎች አስተያየት መቀበል ይበጃል። ለመገመት የመጣው ሰው ራሱ ገዢ ከሆነ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ይጠቅመዋልና።

ብዙ ሻጮች ዋጋ ይጨምርልናል በማለት ዕቃውን ፍቀው በአዲስ ቫርኒሽ ያስቀቡታል። ይህ ብዙውን ጊዜ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በዘመናት ብዛት በእንጨቱ ላይ የዳበረው መልክ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ ሰብሳቢውም የሚከፍለው ለዚያ መልክ ነው። የዕድሜ ምልክት የሆኑትንም ማጥፋት አይገባም። በእጅ የተቆረጡ የመሳቢያ መጋጠሚያዎች ወርዳቸው አንድ ወጥ አይሆንም። የጥንት ክብ ጠረጴዛም እንጨቱ በክሩ አግድም ስለሚኮማተር፣ ሲለካ አንደኛው ወገን በጥቂቱ ያጥራል። የለቀቀን እግር ማጠባበቅና አቧራን በደረቅ ጨርቅ ማንሳት በቂ ነው። የተገኘ የግዢ ደረሰኝ፣ የቆየ ፎቶግራፍ ወይም የሠሪው ጽሑፍ ካለ ከዕቃው ጋር ሊቀመጥ ይገባዋል።

በቀዘቀዘው ገበያም ቢሆን የሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች አሉ። ለዛሬ ቤት የሚመጥኑ አነስተኛ ባለመሳቢያዎች፣ የመጽሐፍ መደርደሪያዎችና የጽሕፈት ጠረጴዛዎች ከግዙፉ ቡፌ ይልቅ ገዢ ያገኛሉ። ሙሉ የሆነ የስምንት ወንበር ስብስብም ተነጣጥሎ ሲሸጥ ከሚያወጣው የበለጠ ስለሚያወጣ ወራሾች ከመከፋፈላቸው በፊት ሊያስቡበት ይገባል።

ሕግም ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውና ከሰኔ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የዝሆን ጥርስ ያለባቸውን ዕቃዎች መሸጥን፣ ከተወሰኑ በስተቀር፣ ይከለክላል። ከ1947 በፊት የተሠራና የዝሆን ጥርሱ መጠን ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ለሽያጭ የሚቀርበው አስቀድሞ ከተመዘገበ ነው። ትንሿ የቁልፍ ቀዳዳ ክፈፍ ብቻ ከዝሆን ጥርስ ብትሆንም ምዝገባው አይቀርም።

የእኛም አገር ባሕላዊ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ከአንድ ወጥ እንጨት የሚፈለፈለው የጂማ በርጩማ፣ በአውሮፓ ጨረታዎች ላይ ይቀርባሉ። በመሆኑም ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየ ዕቃ በእጁ የሚገኝ ሰው፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን እንደሚከለክል ሊያውቅ ይገባል። ከአያት የቀረ የዋንዛ ወንበር ሁሉ ቅርስ ባይሆንም፣ የሚያጠራጥር ሲሆን ከመሸጥ በፊት ጉዳዩ የሚመለከተውን መንግሥታዊ አካል መጠየቅ ከኪሳራም ከተጠያቂነትም ያድናል።

የሚቀረው መሸጥ ወይስ መጠበቅ የሚለው ጥያቄ ነው። ገበያው ይነሳል ብሎ መጠበቅ በነጻ የሚገኝ አይደለም። የመጋዘን ኪራይ በየወሩ ይከፈላል፤ እርጥበት ሙጫውን ያላቅቃል፤ የማሞቂያ ደረቅ አየርም ስሱን የእንጨት ልባስ ይሰነጥቃል። ስለሆነም ገንዘቡ ለሚያስፈልገው፣ ዕቃውንም ለማይገለገልበት ሰው፣ በዛሬው ዋጋ መሸጥ ከተስፋ ይልቅ ያዋጣል። ቦታ ያለውና የሚገለገልበት ሰው ግን ዋጋው በመውረዱ ብቻ የሚቸኩልበት ምክንያት የለም። የወረደው የገበያው ስሜት ነው እንጂ የእንጨቱ ጥንካሬና የእጅ ሥራው ጥራት አይደለም፤ ሁለት መቶ ዓመት ያገለገለ ጠረጴዛ በደንብ ከተያዘ ለቀጣዩም ትውልድ ማዕድ ይዘረጋበታል።