በድሬዳዋ ጉብኝት ላይ ተሽከርካሪ ተሰብሮ ንብረት ሲሰረቅ፦ የተበዳዩ መብትና ሊወስዳቸው የሚገቡ እርምጃዎች

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የጥላ ዛፎች ያሏት ከዚራ፣ በሌላው ወገን ጠባብ መተላለፊያዎች የበዙባት መጋላ ይገኛሉ። ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ተሽከርካሪውን በከዚራ በኩል፣ በአሮጌው የባቡር ጣቢያ አካባቢ ወይም በገበያው ዳር ያቆምና ወደ ቀፊራ ገበያ በእግሩ ይገባል። በገበያው መካከል መኪና ይዞ መንቀሳቀስ አዳጋች ስለሆነ ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለውም። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ነዋሪውም ወደ ቤቱና ወደ በርጫው ስለሚገባ ጎዳናዎቹ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ጭር ይላሉ። ከተማዋ በእንግዳ ተቀባይነቷ የምትታወቅ ብትሆንም፣ ሻንጣ በግልጽ የሚታይበት መኪና በእነዚያ ሰዓታት ያለ ተመልካች ቆሞ መዋሉ እንደ ማንኛውም ከተማ ለስርቆት ያጋልጣል።

ለአብነት ከአዲስ አበባ በራሱ መኪና የመጣ አንድ ቤተሰብ ቀፊራን ጎብኝቶ ሲመለስ የመኪናውን የጎን መስታወት ተሰብሮ ቢያገኝ፣ በኋላ ወንበር ላይ የነበረው ቦርሳም ከነፓስፖርቱ፣ ከነመንጃ ፈቃዱና ከነሊብሬው ባይኖር፣ የቀረው የጉብኝት ቀን ወደ ጉዳይ ማስፈጸሚያነት ይለወጣል። ይህ ጽሑፍ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሕጉ ለተበዳዩ ምን እንደሚሰጠው፣ ከእርሱስ ምን እንደሚጠበቅ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

የሚቻል ከሆነ ተሽከርካሪው ከቆመበት እንዳይንቀሳቀስ፣ የተሰበረው መስታወት እንዳይጠረግ፣ በሩና የቁልፉ ቦታም እንዳይነካካ ማድረግ ይገባል። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ከቅርብና ከሩቅ ፎቶግራፍ ማንሣት ጠቃሚ ነው። በአካባቢው የመኪና ጠባቂ፣ ባለሱቅ ወይም ባጃጅ አሽከርካሪ ካለ ያየውን መጠየቅና ፈቃደኛ ከሆነ ስልኩን መያዝ ለመርማሪው ትልቅ እገዛ ይሆናል። ከአንድ ቀን በኋላ እነዚህን ምስክሮች ማግኘት ከባድ ነው፤ ከከተማው ለሚወጣ እንግዳ ደግሞ ፈጽሞ የማይቻል ሊሆን ይችላል።

ከተሰረቀው መካከል የእጅ ስልክ ካለ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄድም በፊት ሲም ካርዱን ማዘጋት ይቀድማል። ዛሬ የባንክና የቴሌብር ሂሳብ የሚንቀሳቀሰው በስልክ ቁጥር በመሆኑ፣ የስልኩ መጥፋት ከስልኩ ዋጋ የበለጠ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951 ከሌላ ሰው ስልክ መደወል ይቻላል። የሌሎች ባንኮች ደንበኞችም የየባንካቸውን የደንበኞች አገልግሎት በተመሳሳይ መንገድ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። የስልኩ ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር በማሸጊያው ካርቶን ላይ ስለሚገኝ፣ ቤት የቀረ የቤተሰብ አባል አንብቦ እንዲልከው ማድረግ ለምርመራው ይጠቅማል።

«ጠፋብኝ» እና «ተሰረቀብኝ»

ተገልጋዮች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ነጥቡ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ተበዳዩ ለጉዞ ሲቸኩል ወይም ምርመራው ውጤት የለውም ብሎ ሲያስብ፣ በፖሊስ ጣቢያ «ሰነዶቼ ጠፍተውብኛል» ብሎ ማስረጃ ይዞ መሄድን ቀላል መንገድ አድርጎ ይወስደዋል። የጠፋ ሰነድ ማስረጃ ግን ንብረት መጥፋቱን ከማስመዝገብ ያለፈ የወንጀል ምርመራ አያስከፍትም። ከሳምንታት በኋላ ዕቃው በሌላ ሰው እጅ ቢገኝ ከተበዳዩ ጋር የሚያያይዘው የምርመራ መዝገብ አይኖርም። የመድን ድርጅትም ስለ ስርቆት የሚናገር ማስረጃ ሲጠይቅ የሚቀርብለት ወረቀት የሚናገረው ስለ መጥፋት ይሆናል። ከሁሉም በላይ በተሰረቀው ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ሌላ ሰው ቢገለገልበት፣ ባለቤቱ በዕለቱ የሰጠው ቃል ከእውነቱ የተለየ መሆኑን ለማስረዳት ይገደዳል። ስለዚህ የተሰበረ መስታወት ካለ ቃሉ «ተሰረቀብኝ» መሆን ይኖርበታል።

ወንጀል መፈጸሙን ማሳወቅ የማንኛውም ሰው መብት ነው። ሰራቂው ማን እንደሆነ አለመታወቁ አቤቱታውን ላለመቀበል ምክንያት አይሆንም። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋችን መሠረት በቃል የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ ሰፍሮ ለአቅራቢው ይነበብለታል፣ ቀኑን ጽፎም ይፈርምበታል። ሲነበብ በጥሞና ማዳመጥ ይገባል፤ የተሽከርካሪው ሰሌዳ ቁጥር፣ የቆመበት ቦታና ሰዓት፣ የተወሰደው ዕቃ ዝርዝርና መለያ በትክክል መስፈራቸውን አረጋግጦ መፈረም ተገቢ ነው። ከመኪናው ላይ ስፖኪዮ ወይም ፍሬቻ ተፈትቶ ከተወሰደ ይህም እንዲመዘገብ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያልነበረ ዕቃ በዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ግን ራሱ በወንጀል ሊያስጠይቅ የሚችል ከመሆኑም በላይ የእውነተኛውን አቤቱታ ተአማኒነት ያጠፋል። ከጣቢያው ሲወጡ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም መያዝ አስፈላጊ ነው። የሌላ ከተማ ነዋሪ ለወደፊት ጉዳዩን የሚከታተለው በእነዚህ ነው።

ሕጉ ድርጊቱን እንዴት ያየዋል?

በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ስርቆት እንደ ሁኔታው በቀላል እስራት ወይም ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የአፈጻጸሙ ሁኔታ፣ ለምሳሌ በቡድን ተደራጅቶ መፈጸሙ፣ ጉዳዩን ከባድ ስርቆትን ወደሚመለከተው አንቀጽ 669 ሊወስደው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። የትኛው አንቀጽ እንደሚጠቀስ የሚወስነው ምርመራውን የሚመራው ዐቃቤ ሕግ ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት በመሆኑ፣ በክልሎች ዘንድ በክልል ፍርድ ቤት የሚታየው የዚህ ዓይነት ወንጀል በድሬዳዋ የሚታየው በከተማው በሚያስችለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ሐረር ደርሶ መሰረቁን የተረዳ ጎብኚም ምርመራው የሚካሄደው ድርጊቱ በተፈጸመበት በድሬዳዋ መሆኑን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ንብረቱ ከተሰረቀ በኋላ ባሉት ሰዓታት «ዕቃህን አውቀዋለሁ፣ ይህን ያህል ብትከፍል አስመልስልሃለሁ» የሚል ሰው ሊቀርብ ይችላል። ፓስፖርቱን ወይም የልጁን ፎቶግራፎች የያዘውን ስልክ ለማግኘት የጓጓ ሰው ቢፈተን አይገርምም። ሆኖም ጥያቄው እንደ ቀረበ ለመርማሪው ማሳወቅ ይገባል፤ ያ ሰው ለምርመራው ከሁሉ የቀረበ መነሻ ሊሆን ይችላልና። በስርቆት የተገኘ ንብረት መሆኑን እያወቁ መግዛት፣ መሸሸግ ወይም ሲሸጥ ማገዝ ደግሞ በአንቀጽ 682 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ያገለገሉ ስልኮችንና የመኪና መለዋወጫዎችን የሚገዙ ነዋሪዎችም የሻጩን ማንነትና የዕቃውን አመጣጥ ሳያጣሩ መግዛታቸው ዋጋ ሊያስከፍላቸው ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት ንብረቱን በቅን ልቡና ከገዛው ሰው እጅ ጭምር ማስመለስ ይችላል። ገዢው ዕቃውን ያገኘው በሕዝብ ገበያ ወይም መሰል ዕቃ ከሚነግድ ነጋዴ ከሆነ የከፈለው ዋጋ እንዲተካለት የሚጠይቅበት አግባብ አለ።

በስፍራው የተገኘ ወጣት ወይም የጎዳና ልጅ በጥርጣሬ ተይዞ በሕዝብ ሲደበደብ አልፎ አልፎ ይታያል። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ሕጉ ለማንኛውም ሰው ይፈቅዳል፤ መደብደብን ግን ለማንም አይፈቅድም። የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ መቅረብ እንዳለበትና ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት ሕገ መንግሥቱ ደንግጓል። በድብደባው የተሳተፈ ተበዳይ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሰነድና መድን

የፖሊሱን ማስረጃ የያዘ ኢትዮጵያዊ ምትክ ፓስፖርት ለማግኘት ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ያመለክታል፤ አገልግሎቱ በድሬዳዋ ቅርንጫፍ አለው። የፋይዳ ተመዝጋቢ የሆነ ሰው ካርዱ ቢሰረቅበትም ባለ 12 አኃዙ ቁጥሩ አይቀየርም፤ ካርዱን እንደገና ማሳተም ይበቃዋል። መንጃ ፈቃድና ሊብሬ የሚተኩት ሰነዱን በሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያለው ባለንብረት ይህን የሚያስፈጽመው ሲመለስ ነው። እስከዚያው ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ ላይ ለትራፊክ ፖሊስ የሚያሳየው የፖሊስ ማስረጃውን በመሆኑ፣ የመንጃ ፈቃዱና የሊብሬው መሰረቅ በማስረጃው ላይ በስም መጠቀሱን ሳያረጋግጥ መነሣት የለበትም። በአውሮፕላን ለመመለስ ያሰበ መንገደኛም ማስረጃው እንደ መታወቂያ ይያዝለት እንደሆነ ከበረራው ቀን አስቀድሞ አየር መንገዱን ቢጠይቅ ከእንግልት ይድናል። የውጭ ሀገር ዜጋ ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ የሚያገኘው ከሀገሩ ኤምባሲ ሲሆን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የተሰረቀበት ሰው ያንን ለይቶ ማስመዝገብ ይኖርበታል።

መድንን በተመለከተ በመኪናው መስታወት ላይ የሚለጠፈው የሦስተኛ ወገን መድን ለዚህ ጉዳይ አይረዳም። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የተደነገገው ይህ ግዴታ የሚሸፍነው ተሽከርካሪው በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወትና ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነው። የተሰበረ መስታወትና የተፈታ ስፖኪዮ የሚካሱት ባለንብረቱ በፈቃዱ የገባው ሙሉ ሽፋን ካለና ውሉ ይህን ካካተተ ብቻ ነው። በመኪናው ውስጥ የነበረ የግል ዕቃ፣ እንደ ላፕቶፕና ጌጣጌጥ ያለው፣ በተለይ ካልተጠቀሰ ብዙውን ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ይሆናል። ለመድን ሰጪው የማሳወቂያ ጊዜ አጭር ስለሆነ አዲስ አበባ እስኪደርሱ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን በስልክ ማሳወቅ፣ መስታወቱንም ከማስቀየር በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይመረጣል።

ተጠርጣሪው ተይዞ ክስ ሲመሠረት፣ ተበዳዩ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ እንዲወሰንለት በዚያው የወንጀል ችሎት ማመልከት ወይም ለብቻው የፍትሐ ብሔር ክስ ማቅረብ ይችላል። የተያዘው ንብረት ለኤግዚቢትነት ከተፈለገ ወዲያው ላይመለስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ተበዳዩ የባለቤትነት ማስረጃውን፣ ማለትም የግዢ ደረሰኙን ወይም የመለያ ቁጥሩን፣ ለመርማሪው ወይም ለዐቃቤ ሕጉ አቅርቦ ንብረቱ እንዲለቀቅለት በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። የስልክ ቁጥሩ ከተቀየረም አዲሱን በመዝገቡ ላይ ማስመዝገብ አለበት።