ምዕራፍ 7፦ ግሊሰሪን የሚመስለው መርዝ

በአዋሽና በሚኤሶ መካከል ያለችው የምዕራብ ሐረርጌዋ ቦርደዴ ቆላ ናት። እንዲህ ባለ ደረቅና ሞቃት አገር የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የደረቀ ከንፈር የሚለሰልሰው በቫዝሊንና በግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪን ግን ለቅባት ብቻ አያገለግልም፤ ለልጆች ሳልና ትኩሳት በሚሰጥ ሽሮፕም ይገባል፤ ያወፍረዋል፣ ያጣፍጠዋል። ስለዚህ የግሊሰሪን ንጽሕና የሕፃናት ሕይወት ጉዳይ ነው።

መርዙ እንዴት ይገባል?

ግሊሰሪን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ወፈር ያለና ጣፋጭ ነው። ለፍሬን ዘይትና ለመሳሰሉት የሚውለው ዳይኢቲሊን ግላይኮልም እንዲሁ ነው፣ ዋጋው ግን ይረክሳል። ስግብግብ ነጋዴ በርሜሉ ላይ ሌላ ስም ለጥፎ ሲሸጠው፣ ፋብሪካውም ሳይመረምር ሲቀበለው መርዙ ሽሮፕ ይሆናል። ልጁ ሲጠጣው ጉበት ወደ አሲድነት ይለውጠዋል፤ አሲዱ ኩላሊትን ይጎዳል። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፤ ከዚያ ሽንቱ ይቀንሳል፣ ብሎም ይቆማል።

እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ይህ መርዝ የገባበት አንድ ሽሮፕ ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በዓመቱ የመድኃኒት ሕጉ ጠበቀ። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ናይጄሪያ ውስጥ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት የተሠራ መድኃኒት 84 ልጆችን ቀጠፈ። በ2022 ደግሞ በጋምቢያ ከ60 በላይ፣ በኢንዶኔዥያ 200 ያህል ሕፃናት በዚህና በመሰል መርዝ ሞቱ። መከላከያው ሲታወቅ የኖረ መሆኑ ሐዘኑን ያከፋዋል።

መለኪያው

ለመድኃኒት የሚሆን ግሊሰሪን ውስጥ የዚህ መርዝ መጠን ከ0.10 በመቶ፣ ማለትም በኪሎ ከ1 ግራም መብለጥ የለበትም። ይህን ዓይንም ምላስም አይለየውም፤ የሚለየው የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው። ጥንቃቄ ያለው አምራች ወረቀቱን ብቻ አያምንም፤ ከእያንዳንዱ በርሜል ናሙና ወስዶ ይመረምራል። በአገራችን መድኃኒትንም መዋቢያንም የሚቆጣጠረው፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ገዢው ምን ያድርግ?

በምዕራብ ሐረርጌ የሚያልፈው ጎዳና ሕጋዊውንም ኮንትሮባንዱንም ዕቃ ያመላልሳል። በኮንትሮባንድ የገባ ሽሮፕ ማሸጊያው ቢያምርም ማንም አልመረመረውም። ከፋርማሲ ይግዙ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ። በጠርሙሱ ላይ የአምራቹን ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ያንብቡ። «ቢፒ» ወይም «ዩኤስፒ» የሚለው ምልክት ለመድኃኒት የሚሆን ደረጃን ይገልጻል፤ ሆኖም ጽሑፉን ማንም ሊያትመው ስለሚችል ሻጩም መታወቅ አለበት። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ግሊሰሪን ምንነቱ አይታወቅምና ለአፍም ለቁስልም አያድርጉት። «ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» የተባለ መድኃኒት ደግሞ ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር ከዋለ ሊበላሽ ይችላል።

ሽሮፕ የጠጣ ልጅ ሽንቱ ከቀነሰ መስጠቱን አቁመው ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ጭሮ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት። ጠርሙሱን አይጣሉ፤ ይዘውት ይሂዱ። በላዩ ያለው የምርት መለያ ቁጥር ሌላ ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ያንኑ መድኃኒት ለማስሰብሰብ ያገለግላል፤ ጥቆማዎን ለባለሥልጣኑ በ8482 ነፃ መስመር ማድረስም የሌሎችን ልጆች ያድናል።